ሌኒ መልቀቅን ለምን አልተማረም?

ባለፈው እትማችን የንባብ ክበባችን በጋራ ስላነበበው መጽሐፍ እንጽፋለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ዘገየን። የዘገየንበትም ምክንያት ሌላ ሳይሆን በውይይቱ ስላልተስማማን ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ቢሆንም ተራችን ደርሶ ሰሌዳው ባዶ ከሚቀር፣ የተከራከርንበትን እንዳለ ማቅረቡ ይሻላል አልን።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ የጻፈው «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» ነው። በአማርኛ «ስለ አይጦችና ስለ ሰዎች» ብንለው ያስኬዳል። የታተመው በ1937 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን)። ከአጭር ልብ ወለድ የረዘመ፣ ከረጅም ልብ ወለድ ያጠረ፣ ባለሙያዎቹ «ኖቬላ» የሚሉት ዓይነት ነው። ስድስት ክፍል ብቻ አለው። ሐሙስ ማታ ወንዝ ዳር ይጀምርና እሑድ ሊመሽ ሲል እዚያው ወንዝ ዳር ያልቃል። እንግሊዝኛው አይከብድም፤ የሚከብደው የሠራተኞቹ አነጋገር ነው። እሱም ቢሆን ድምፅ አሰምቶ ሲያነቡት ይፈታል፤ ሞክረን አይተነዋል።

ላላነበበው ታሪኩን በአጭሩ እንንገር። ጆርጅና ሌኒ የሚባሉ ሁለት የቀን ሠራተኞች በካሊፎርኒያ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ ይኖራሉ። ጊዜው የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ሥራ ፈላጊው ብዙ፣ ሥራው ጥቂት፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ተሸክሞ የሚንከራተተው ወንድ በየመንገዱ ነው። ጆርጅ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ነው። ሌኒ ደግሞ ግዙፍ ነው፤ ጉልበቱ የበሬ ነው፤ ዛሬ የአእምሮ እድገት ውስንነት የምንለው ነገር ግን አለበት። ለስላሳ ነገር መዳበስ ይወዳል። አይጥም ትሁን ቡችላ፣ ቀሚስም ይሁን ፀጉር፣ ለእሱ ዋናው ልስላሴው ነው። ሁለቱ ከሶሌዳድ ከተማ አጠገብ ባለ እርሻ የገብስ ጆንያ ሊሸከሙ ይቀጠራሉ። ደመወዛቸው በወር 50 ዶላር ነው።

ምኞት አላቸው። 10 ኤከር መሬት፣ አንዲት ላም፣ ዶሮዎች፣ ለሌኒም ጥንቸሎች። የመሬቱ ዋጋ 600 ዶላር ነው፤ ሁለቱ በኪሳቸው ያላቸው ተደምሮ 10 ዶላር ብቻ ነው። አንድ እጁን ያጣው ካንዲ የሚባል ሽማግሌ ጠራጊ ግን «350 ዶላር አዋጣለሁ፣ እኔንም ጨምሩኝ» ይላል። ያን ጊዜ ሕልሙ ድንገት ሂሳብ ይሆናል። እኛም ስናነብ እዚህ ላይ እርሳስ አንሥተን ደምረናል፤ ይደርሳል እኮ! አንባቢን የሚያሳዝነውም ይኸው ለጥቂት የቀረ መሆኑ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአለቃው ልጅ የከርሊ ሚስት ሌኒን ጋጣ ውስጥ ብቻውን ታገኘዋለች። (እዚህ ላይ «ሌኒን» ስንል የሩሲያውን ሰው ማለታችን አይደለም፤ «ን» የሰዋስው ናት። ረቂቁን በሩቁ አይቶ የጠየቀን ሰው ስላለ ነው።) ታወራዋለች፣ ፀጉሯ ለስላሳ መሆኑን ነግራ እንዲዳብሰው ትፈቅድለታለች። አጥብቆ ሲይዛት ትጮኻለች። ስትጮኽ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይባስ አጥብቆ ይይዛል፤ አፏን አፍኖ ሲነቀንቃት አንገቷ ይሰበራል። ሌኒ ወደ ወንዙ ይሸሻል። ጆርጅ ከአሳዳጆቹ ቀድሞ ይደርስበታል። ከወንዙ ማዶ እንዲመለከት ያደርገውና ስለ መሬታቸው፣ ስለ ጥንቸሎቹ እየነገረው ከጀርባው በሽጉጥ ይገድለዋል።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህ ነው። ከዚህ ብቻም አይደለም፤ ከአንድ ቅጠል ነው። በቤተ መጻሕፍታችን የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ሁለት ነው። በአንደኛው የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቷል። ያን ያነበብን ሰዎች መጽሐፉ በተኩሱ የሚያልቅ መስሎን ነበር። ስንወያይ ከእኛ ወገን አብዛኞቹ «ጆርጅ ደግ አደረገ፤ ወንድሙን ለገዳዮች አልሰጠም» ብለው ቆሙ። ሙሉውን ያነበቡት ግን ፊታቸው እንደኛ አልነበረም። ለካ ከተኩሱ በኋላ ሰዎቹ ይደርሳሉ። በቅሎ ነጂው ስሊም አንድም ነገር ሳያብራራ ጆርጅን ደግፎ ይወስደዋል። የሽጉጡ ባለቤት ካርልሰን ግን ሁለቱን ከኋላ እያየ ምን እንደ ነካቸው ከልቡ ግራ ይገባዋል። የመጨረሻው ድምፅ የእሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ «ልክ ነው» ብሎ ቶሎ ፈርዶ መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ፣ ሳያውቀው ካርልሰን አጠገብ ቆሟል ማለት ነው። እኛም ጥቂት ቀን እዚያ ቆመን ነበር።

ስታይንቤክ ይህን ተኩስ በድንገት አላመጣውም። ሦስተኛው ክፍል ላይ ካንዲ ያረጀ፣ የሚሸት፣ ጥርስ የሌለው ውሻ አለው። ካርልሰን «ሽታው አስቸገረን፣ ልግደልልህ» ይላል። ካንዲ ስሊምን ያያል፤ ስሊምም አይከላከልለትም። ውሻውን ይወስዱታል። ከዚያ ደራሲው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ተኩሱ እስኪሰማ ድረስ ሰዎቹን መኝታ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ ማይረባ ነገር ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደገና ያወራሉ። ያን ገጽ ጮክ ብለን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ ካንዲ ውሻዬን ራሴ መግደል ነበረብኝ፣ ባዕድ ሰው እንዲገድለው መፍቀድ አልነበረብኝም ብሎ ለጆርጅ ይነግረዋል። ጆርጅ ሌኒን የገደለውም በዚያው በካርልሰን ሽጉጥ ነው። ስለዚህ «ደግ አደረገ» የሚለው ወገን ማስረጃ አለው። ተቃዋሚውም ወዲያው «ሌኒ ውሻ ነው እንዴ?» አለ፤ እሱም ማስረጃ አለው።

በዚህ ስንፋጭ የእንግሊዝኛ መምህራችን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «እናንተ ነገ መምህራን ናችሁ፤ ስለ ተኩሱ ተዉት። ጆርጅ ሌኒን ያስተማረው ምን ምን ነው? ዘርዝሩልኝ» አሉን። መጀመሪያ ጥያቄው ከመጽሐፉ ያወጣን መስሎን አልወደድነውም። ወደ ገጾቹ ስንመለስ ግን ያላየነው ነገር ታየን።

ጆርጅ በእርግጥ ያስተምራል። በመጀመሪያው ክፍል ወንዝ ዳር ተቀምጠው አለቃው ፊት ምንም እንዳይናገር ያስጠናዋል፤ እያስደጋገመ ያስጠናዋል። ችግር ከመጣ የት ሄዶ መደበቅ እንዳለበትም ያስጠናዋል፤ እዚሁ ወንዝ ዳር፣ ቁጥቋጦው ውስጥ። የመሬቱን ታሪክም እንደ መዝሙር ደጋግሞ ስለሚነግረው ሌኒ ዐረፍተ ነገሮቹን ከእሱ ቀድሞ ይጨርሳል። ይረሳል የተባለው ሌኒ ይህን አልረሳም። በመጨረሻው ክፍል ወደ ወንዙ ሲደርስ እንዳልረሳ ለራሱ እየነገረ ይኮራል። ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው። የተባለውን ቦታ አግኝቶ፣ በተባለው መሠረት ተቀምጦ ጠበቀ። የሞተውም እዚያው ነው።

መልቀቅን ግን ያስተማረው የለም። ማስረጃዎቹን ተራ በተራ እንይ። አክስቱ ክላራ አይጥ ትሰጠው ነበር፤ እየደባበሰ ሲገድላቸው መስጠቷን ተወች። በምትኩ የላስቲክ አይጥ ሰጠችው፣ ስለማትለሰልስ አልፈለጋትም። ዊድ በሚባለው ከተማ የአንዲት ልጅ ቀይ ቀሚስ ሊነካ ያዘ፤ ስትጮኽ አጥብቆ ጨበጠ። ጆርጅ ያስለቀቀው በአጥር እንጨት ጭንቅላቱን መትቶ ነው። ከዚያም ሁለቱ ሸሹ። በአዲሱ እርሻ ከርሊ ሌኒን በቡጢ ሲደበድበው ሌኒ ፊቱን ሸፍኖ ከማልቀስ በቀር እጁን አላነሣም። «ያዘው» ብሎ ያዘዘው ጆርጅ ነው። ያዘው፤ የከርሊን እጅ አደቀቀው። ጆርጅ እንደገና «ልቀቅ» እያለ ፊቱን በጥፊ ያጣድፈዋል። በመጨረሻ ሲለቅ ሌኒ የሚለው አንተ ስላልከኝ ነው የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ሦስት ጊዜ የመጣው አደጋ አንድ ዓይነት ነው፤ መፍራት፣ መጨበጥ፣ አለመልቀቅ። ሦስት ጊዜ የተሰጠውም መልስ አንድ ነው፤ ዱላ፣ ከዚያ መሸሽ። ቡችላዋ እጁ ላይ ስትሞት እንኳ ሌኒ ያሰበው «ጆርጅ ይቆጣል፣ ጥንቸል ይከለክለኛል» የሚለውን ነው። ቅጣቱን ያውቃል። እጁን እንዴት እንደሚያላላ ግን አያውቅም።

ይህን ስናገኝ አንዳንዶቻችን ደስ ብሎን «ጥፋተኛው ጆርጅ ነው!» አልን። ይህም ችኮላ ነው። አንዲት ባልደረባችን እንዳለችው ጆርጅ ማሠልጠኛ የገባ መምህር አይደለም፤ ራሱ ኑሮ ያቃጠለው የቀን ሠራተኛ ነው። ስለ ሌኒ የሚያማክረው ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ እንደ ሌኒ ላለ ሰው የነበረው አማራጭ የአእምሮ ሕሙማን መቆያ ነበር፤ ስሊምም መጨረሻ ላይ አስረውት በአጥር ቤት ቢያስቀምጡት ጥሩ እንደማይሆን ይናገራል። ደግሞ ጆርጅ አንድ ጊዜ ተምሯል። ለሳቅ ብሎ ሌኒን ወንዝ ውስጥ ግባ ብሎት ነበር፤ ዋና የማያውቀው ሌኒ ዘሎ ገባ፤ ሊሰጥም ሲል አወጡት። ሌኒ ስላወጣው አመሰገነው እንጂ አልተቆጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆርጅ እንደዚያ አላደረገም። እኛ እንደሚመስለን ይህ ቦታ ከመጨረሻው ተኩስ ያላነሰ ክብደት አለው፤ ብዙ አንባቢ ግን ያልፈዋል።

ስታይንቤክ ሰውየውን ከሜዳ አላመጣውም። በ1902 የተወለደው እዚያው ሳሊናስ ውስጥ ሲሆን በወጣትነቱ በእርሻዎች ላይ ሠርቷል። በ1937 ለጋዜጣ ሲናገር ሌኒ ከእውነተኛ ሰው የተወሰደ መሆኑን፣ ከሰውየው ጋር አብሮ መሥራቱን፣ ሰውየው የገደለው ሴት ሳይሆን የእርሻ ተቆጣጣሪ እንደ ነበረና በመቆያ እንደሚገኝ ገልጿል። መጽሐፉን ሲጽፍ ያወጣለት የመጀመሪያ ርዕስም «የሆነ ነገር» እንደ ማለት ነበር፤ የሆነውን ሆነ ብሎ ማሳየት እንጂ ፍርድ መስጠት አልፈለገም። እግረ መንገዳችንን፣ በ1936 ቶቢ የሚባል ውሻው የረቂቁን ግማሽ በልቶበት የሁለት ወር ሥራ ጠፍቶበታል። ውሻውን ብዙም አልቀጣውም። ካንዲንና ውሻውን የጻፈ ሰው ምን ያድርግ!

ክርክሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንዲት እጩ መምህርት ተነሥታ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሁለት ወንዶች ስታወሩ የሞተችው ሴት የት ሄደች?» አለችን። አፈርን። በእርግጥ በመጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳ የላትም፤ የከርሊ ሚስት ብቻ ናት። ሠራተኞቹ ሲያዩዋት ያዘኑላት አንድም ቦታ የለም፤ ችግር ታመጣለች ይላሉ። እኛም እንደነሱ አንብበናት ነበር። ነገር ግን ከመሞቷ በፊት ለሌኒ የምትነግረውን እንደገና አነበብነው። ከርሊን እንደማትወደው፣ ተዋናይ ለመሆን እንደተመኘች፣ የሚያናግራት ሰው እንደሌለ ትናገራለች። ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው እያወሩ፣ እሷ ስለ ፊልም፣ እሱ ስለ ጥንቸል፣ አንዳቸውም ሌላውን አይሰሙም። መጽሐፉ በኖቬምበር 1937 ኒው ዮርክ ላይ በቲያትር ሲታይ ይህችን ሴት የተጫወተችው ክሌር ሉስ ነበረች። ደራሲው በደብዳቤ ስለ ባሕርይዋ ሲያስረዳት ክፉ ሴት አለመሆኗን፣ ያደገችበት ጥርጣሬና ጠብ እንዲያ እንዳደረጋት ገልጾላታል። ሆኖም ጥቁሩን የጋጣ ሠራተኛ ክሩክስን በስቅላት የምታስፈራራውም እሷው ናት። ክሩክስ መጻሕፍት አሉት፣ ሕጉንም ያነባል፤ ከነጮቹ ጋር ግን ማደር አይፈቀድለትም። በዚያ እርሻ ደካማው ከእሱ የባሰ ደካማ ሲያገኝ ይጫነዋል። ስለ ክሩክስ ብቻውን ሌላ ጊዜ እንጽፋለን፤ እዚህ ካነሣነው አይበቃውም።

አሁን ወደ አንድ እንግዳ ነገር እንሻገር። ልብ ወለድን በችኮላ ማንበብ ጉዳቱ ለፈተና ውጤት ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። በ2002 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በሞት መቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ማን ውስንነት አለበት የሚለውን መለየት ግን በአመዛኙ ለክፍለ ግዛቶቹ ተወው። በ2004 የቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት መለያ ሲፈልግ ሌኒን ጠቀሰ! አብዛኛው የቴክሳስ ሰው የስታይንቤክ ሌኒ ከሞት ቅጣት ነፃ ቢደረግ ሊስማማ እንደሚችል ጽፎ፣ ከዚያ ሰባት መመዘኛ ጥያቄዎችን አስቀመጠ። ውሸት መናገር ይችላል ወይ፣ አስቦ ማቀድ ይችላል ወይ፣ የመሳሰሉት ናቸው። በ2012 ማርቪን ዊልሰን የሚባል ሰው በቴክሳስ በሞት ሲቀጣ የደራሲው ልጅ ቶማስ ስታይንቤክ የአባቱ ሥራ ሰው ለመግደያ መለኪያ መደረጉን በቁጣ ተቃወመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እነዚያን መመዘኛዎች የጣላቸው በ2017 ነው፤ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ የሕክምና ሙያው ከሚቀበለው መለኪያ ውጪ ናቸው በማለት።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ እኛ ብዙ ተነጋግረናል። ፍርድ ቤቱ ሌኒን አንብቦ «ውስንነት ማለት ይህን ይመስላል» አለ። ግዙፍ፣ ተለማማጭ፣ ቀን ቆጥሮ ማቀድ የማይችል። ግን መጽሐፉን ላስተዋለ ሌኒ ራሱ መለኪያውን ያልፋል ወይ? አይጧን ኪሱ ደብቆ ለጆርጅ የለኝም ብሎ ዋሽቷል። ጥንቸል እንዳይከለከል ብሎ የሞተችውን ቡችላ በገለባ ሸፍኗል። የተነገረውን መደበቂያ አስታውሶ ብቻውን ሄዷል። ይህን ስንቆጥር አንድ ባልደረባችን «እንግዲያው ሌኒም በቴክሳስ መለኪያ ሊወድቅ ነው» አለ። ሳቅን፤ ወዲያውም ሳቁ ጠፋብን።

ከእኛ አንዱ በልምምድ ማስተማር ላይ በነበረበት ጊዜ ያጋጠመውን የተናገረው ያን ዕለት ነው። ስሙን አንጠቅስም፣ ትምህርት ቤቱንም። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ በዕድሜም በቁመትም የሚበልጥ ልጅ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ ማንም አይጠይቀውም። አንድ ቀን ፊቱ የተቀመጠችውን ልጅ ሻሽ ያዘ። ልጅቷ ጮኸች። ባልደረባችን በማስመሪያ እጁን መታው። አልለቀቀም። ደግሞ መታው፣ ይባስ ጨበጠ፤ ሻሹ ተቀደደ። የቆዩት የክፍሉ መምህርት ከደጅ ገብተው ምንም ሳይናገሩ ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አሉና በሌላው እጁ ጠመኔ አስያዙት። ጠመኔውን አየው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ። «ሌኒን ሳነብ የልጁን ጣቶች ነው ያየሁት፣ ማስመሪያውንም» አለ ባልደረባችን። በኋላ እትዬን ምን እንዳደረጉ ሲጠይቃቸው በየቀኑ ጠዋት ጠዋት መያዝና መልቀቅ ያለማምዱት እንደነበር ነገሩት፤ ድንጋይ ያዝ፣ አስቀምጥ፤ እጄን ያዝ፣ ልቀቅ። ፈርቶ ሳይሆን ተረጋግቶ ሳለ ማለት ነው። ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል።

ይህን ከሰማን በኋላ ድምፅ እንስጥ ያለ ነበር፤ ጆርጅ ልክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው። ድምፅ አልሰጠንም። ጥቂቶቻችን እስከ ዛሬ ጆርጅ ከዚያ የተሻለ ነገር ማድረግ አይችልም ነበር እንላለን፤ እሑድ ሊመሽ ሲል፣ አሳዳጆቹ እየቀረቡ፣ ምን ቀርቶት ነበር? ሌሎቻችን ደግሞ ጥያቄው እሑድ ሳይሆን ዊድ ላይ፣ በአጥር እንጨቱ ቀን መነሣት ነበረበት እንላለን። መምህራችን ለሁለቱም ወገን የሰጡት መልስ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና እንድናነብ ነው፤ ጆርጅ ስለ ዊድ ለስሊም የሚነግርበትን። አነበብነው። እዚያ ላይ ጆርጅ የሚናገረው ኮርቶ ይሁን አዝኖ አሁንም አልለየንም።

የጎደለውን የመጨረሻ ቅጠል ከሙሉው ቅጂ በእጅ ገልብጠን ለጥፈንበታል። ሁለቱም ቅጂዎች በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አሉ። መዋሻው ለሦስት ቀን ነው፤ የተለጠፈው ወረቀት ሙጫው ስላልጠነከረ ሲያነቡ ቀስ ብለው ይግለጡት።